13 ኩሽኔታ

ለአባቴ 70ኛ ዓመት ልደት የሰጠሁትን የዓሣ ማጥመጃ ሪል ካልሲ ውስጥ ተደብቆ አገኘሁት። ቦታው ጅቡቲ ነው፤ ወንድሜ ቤት፣ አባዬ የሚያድርበት ክፍል። ልጄን ገላዋን አጥቤ ፎጣ ስፈልግ የቁም ሣጥኑን የታችኛውን መሳቢያ ብስበው አንድ ወፍራም የክረምት ካልሲ እጄ ላይ ከበደኝ። በዚያ ሙቀት ማን የሱፍ ካልሲ ያደርጋል? ስፈታው ያ በወርቃማ ፊደል ያሸበረቀ ሪል ብቅ አለ። ማኖቬላውን ላዞረው ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። ጠበቅ አድርጌ ስጫነው እንደ አሮጌ ቡና መፍጫ ገርገጭ ብሎ ቆመ። ብሎኖቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ጋግሯል።

ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ወራት በስልክ ስንት ጊዜ ጠይቄው ነበር። «አባዬ፣ ሪሉ እንዴት ነው?» ስለው፣ «እሱማ አንደኛ ነው! እዚህ ያሉት ሽማግሌዎች ሁሉ ቀንተውብኛል» ይለኝ ነበር።

አባቴ እስከ 1983 ዓ.ም. አሰብ ወደብ ውስጥ ዕቃ ቆጣሪ ሆኖ ሠርቷል። እኔ የተወለድኩት ቤተሰቡ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ስለሆነ አሰብን የማውቃት በወሬ ነው። ከሥራ መልስ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ጠርሙስ ላይ በተጠመጠመ ናይለን፣ ያለ ዘንግና ያለ ምንም ማሽን ዓሣ ያወጣ እንደነበር፤ ደራክ የሚሉት ረጅሙ ዓሣ በተያዘ ቀን የሰፈሩ ልጆች እስከ ቤት ድረስ ይከተሉት እንደነበር ሲያወራ ሰምቼ ነው ያደግኩት። ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ስንወስደው ግን ቆሮሶውን አየት አድርጎ «ይኼ እኮ የአሰብ ዓሣ ቁርሱ ነው» ብሎ ይስቃል እንጂ መንጠቆ አይነካም። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ አለፈ።

እናታችን ካረፈች በኋላ አባዬ ከቤት መውጣት ተወ። ወሬ ተወ፣ ጋዜጣ ተወ፣ ከሚወዳት ከልጄ ጋር እንኳን መጫወት ታከተው። ያኔ ጅቡቲ በትራንዚት ሥራ ላይ ያለው ታላቅ ወንድሜ «ብርዱን እዚህ ይሰንብት» አለ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት የጅቡቲ አየር ለሰው ይመቻል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል። አባዬ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ወንድሜ አንድ ፎቶ ላከልኝ። አባቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ከአንድ አፋርና ከሁለት የመናውያን ሽማግሌዎች ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ናይለን በጣቱ ይዞ ይስቃል። ያንን ፎቶ ቢሮ ውስጥ ነበር ያየሁት፤ ተነስቼ መጸዳጃ ቤት ሄድኩ።

እንግዲህ ስጦታው የመጣው ከዚህ ነው። አባዬ በእጁ ናይለን ብቻ ሲያጠምድ ማየት አሳዘነኝ። ዘንግና ሪል ሊኖረው ይገባል አልኩ። (እሱ አልጠየቀኝም። ይህን ልብ በሉልኝ።)

ሪል ማለት ዘንጉ ላይ የሚታሰረው፣ ክሩ የሚጠነጠንበት ማሽን ነው። ለጀማሪም ለአዋቂም የተለመደው ስፒኒንግ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከዘንጉ ሥር ይንጠለጠላል፣ ማኖቬላውን ስታዞሩት አንድ የሽቦ ክንድ እየተሽከረከረ ክሩን ይጠመጥማል። ውስጡ ጥርስ አለ፣ ኩሽኔታ አለ፣ ዓሣው ሲጎትት ክሩ እንዳይበጠስ በልክ እየለቀቀ የሚሄድ ፍሬን አለ። በአጭሩ ትንሽ መኪና ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ይህንን አላውቅም።

ለሥልጠና ዱባይ ሄጄ ነበር የገዛሁት። ሱቁ ውስጥ በመደርደሪያ ሙሉ ሪል ተደርድሯል። እጄ የሄደው ወደ ጥቁርና ወርቃማው ነው። ሳጥኑ ላይ በትልቁ «13+1 ኩሽኔታ» ይላል፤ ከሥሩ «ከፍተኛ የፍሬን ጉልበት 18 ኪሎ»። አጠገቡ ያለው፣ ግራጫና ደባሪ የመሰለኝ ሪል 5 ኩሽኔታ ብቻ ነበር ያለው፤ ዋጋው ደግሞ የዚህን ብዙ እጥፍ። አስራ ሦስት ከአምስት ይበልጣል። ስሌቴ ይኸው ነበር።

የሚያሳፍረኝ ይህንን ያደረግኩት እኔ መሆኔ ነው። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ቢዝነስ አጥንቼ እንጀራዬን የምበላው ማሸጊያ ላይ ምን እንደሚጻፍ በመወሰን ነው። ቁጥር ሳጥን ላይ ሲወጣ ማስረጃ ይመስላል፤ ሸማቹ «ይኼ ነገር ምን ይሠራል?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ቁጥር ከቁጥር ያወዳድራል። ይህን በስብሰባ ላይ ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ! ባለ ስንት ንብርብር፣ ባለ ስንት ቫይታሚን እያልኩ የጻፍኩትን የማውቀው እኔ ነኝ። ሱቁ ውስጥ ስገባ ግን እንደማንኛውም ሰው ሆንኩ።

ወንድሜን ካልሲውን ይዤ በረንዳ ላይ ሳፋጥጠው መጀመሪያ ሊሸሸኝ ሞከረ። ኋላ ተነፈሰው። ሪሉ በሦስተኛው ሳምንት መንቋቋት ጀምሮ ነበር። አንድ ጠዋት ትልቅ ካራንግ ያዘ፤ ጅቡቲዎች በፈረንሳይኛው እንዲህ የሚሉት ግንባረ ሰፊ፣ ጉልበታም ዓሣ ነው። አባዬ ፍሬኑን አላልቶት ነበር፤ ፍሬኑ ግን በጨው ተጣብቆ ክሩን አልለቅም አለ። ማኖቬላውም አልዞር አለ። ዘንጉ ሊሰበር ሲል አባዬ እንደ አሰብ ልማዱ ክሩን በእጁ ያዘ። ይህ ግን የአሰብ ወፍራም ናይለን አይደለም፤ የተጎነጎነ ቀጭን ክር ነው፣ ሲሮጥ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ሁለት ጣት፣ አራት ስፌት። «ለእሷ እንዳትነግራት። ገንዘቧን አውጥታ ነው» ብሎ አስምሎት ኖሯል።

ያን ቀን ማታ ራት ላይ የአባቴን ቀኝ እጅ አየሁት። ሁለት ነጫጭ መስመሮች። ምንም አላልኩም፤ ካልሲውን ግን ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ሪሉን ይዤ የሄድኩት ጋራዥ ወዳላቸው ጎረቤታችን ነው። ጋሼ በሕይወታቸው ዓሣ አጥምደው አያውቁም፤ ካቻቢቴ ግን ከእጃቸው አይለይም። አንድ ብሎን አልወጣ ብሎ ራሱ ተቆረጠ። የቀረውን ከፈቱትና የተበተነውን ሁሉ ነጭ ጨርቅ ላይ እየደረደሩ «ነይ፣ ቁጠሪ» አሉኝ። 13 የተባለው ኩሽኔታ 9 ሆኖ ተገኘ፤ ከእነሱም ውስጥ አራቱ የፕላስቲክ ቀለበት ናቸው። እውነተኞቹ ኩሽኔታዎች ዝገው አንድ ላይ ተጣብቀዋል። ዋናው ጥርስ በሻጋታ ውስጥ የተጣለ ለስላሳ ዚንክ ነው፤ ጫፉ ተበልቷል። ፍሬኑ ከፌልት የተቆረጠ ቁራጭ ነው፤ የጨው ውሃውን እንደ ስፖንጅ መጦ ደርቋል።

«ጎሚኒው የታለ?» አሉኝ።

«የቱ ጎሚኒ?»

«ውሃ እንዳይገባ የሚያግደው ነዋ። አንድም የለውም። የኔ ልጅ፣ ይኼ ዕቃ የሚያስፈልገው ኩሽኔታ አይደለም፣ ጎሚኒ ነው። በሩን ከፍተሽ ትተሽ ቤት ውስጥ ዘበኛ ብታበዢ ምን ዋጋ አለው? ኩሽኔታው በበዛ ቁጥር ዝገት የሚይዝሽ ቦታ ይበዛል።»

ነጩን ዱቄትም ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። የአልሙኒየም ዝገት ነው፤ ቀይ አይደለም፣ ነጭ ነው። አልሙኒየም ውስጥ የብረት ብሎን ሲገባና በመሃላቸው የጨው ውሃ ሲያርፍ ሁለቱ ብረቶች እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ የሚበላው ደግሞ አልሙኒየሙ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል፣ የቀረው ጨው ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ ሪሉ መሳቢያ ውስጥ፣ ካልሲ ውስጥ ተኝቶም እንኳ ይበላል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ወራት ማታ ማታ ስለ ሪል ሳነብ አመሸሁ። ባለቤቴ «ማስተርስሽን እንዲህ ብታጠኚው ኖሮ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። የገባኝን ልንገራችሁ፤ እንደ እኔ ለአባቱ ወይም ለባሏ ስጦታ የሚያስብ ሰው አይጠፋም፣ ዱባይም አሜሪካም ዘመድ ያለው ብዙ ነው።

ፊት መታየት ያለበት አካሉ ነው። ቀላሎቹ ሪሎች ከፕላስቲክ ወይም ካርቦን ከተቀላቀለበት ፕላስቲክ ይሠራሉ። ፕላስቲክ አይዝግም፤ ያ ጥሩ ጎኑ ነው። ነገር ግን ከባድ ዓሣ ሲጎትት አካሉ በትንሹ ይጣመማል፣ በተጣመመ ጊዜ ጥርስና ጥርስ ልክ አይገጣጠሙም፣ ያለ ልክ የተገጣጠመ ጥርስ ይበላል። ለባሕር ዓሣ ሙሉ የብረት አካል የሚመረጠው ለዚህ ነው። ማኖቬላውም ሁለት ዓይነት አለው፦ በአንድ ወገን ገብቶ ሌላው ወገን ላይ በብሎን የሚያዝ፣ እና ራሱ እንደ ብሎን ወደ ውስጥ የሚጠመዘዝ። የመጀመሪያው በጊዜ ብዛት ይላላል፤ ሁለተኛው እየሠራችሁበት ይጠብቃል። ሱቅ ውስጥ ሳትገዙ በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጋችሁ ልትለዩት ትችላላችሁ።

ፍሬኑ ከካርቦን ይሁን፣ ይኸው ነው። 18 ኪሎ የሚለው ቁጥር ግን ሳስበው እስከ ዛሬ ያስቀኛል። አባዬ የሚጠቀምበት ክር 30 ሊብሬ ነው፤ ይህም በኪሎ ከ14 በታች ማለት ነው። ፍሬኑ 18 ኪሎ ላይ ከመድረሱ በፊት ክሩ ተበጥሷል! አዋቂዎቹ ፍሬኑን የሚያስተካክሉት በክሩ ጥንካሬ ሩብ ወይም ቢበዛ ሲሶ ላይ ነው። ለአባዬ ሩቡ ሦስት ኪሎ ተኩል አይሞላም። በዚያች ሦስት ኪሎ ላይ ሳይንገጫገጭ፣ ሳይጣበቅ፣ እንደ ቅቤ የሚለቅ ፍሬን ነው የሚፈለገው።

ጎሚኒው ጋ ስደርስ እንደገና ሙያዬ ውስጥ ገባሁ። ደህናዎቹ ሪሎች ላይ አይፒኤክስ የሚል ምልክትና ከጎኑ ቁጥር አለ፤ ስልካችሁ ላይም አታጡትም። ይህ ቁጥር ከኩሽኔታ ቁጥር ይለያል፣ በስተጀርባው የተወሰነ ፈተና አለ። 5 ማለት 6.3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ቱቦ፣ በደቂቃ 12.5 ሊትር ውሃ ከየአቅጣጫው ተረጭቶበት ጉዳት ያላደረሰበት ማለት ነው። 6 ሲሆን ውሃው በደቂቃ 100 ሊትር ይሆናል። 7 ደግሞ አንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለ30 ደቂቃ መስጠም ነው። ልብ በሉ፣ በ5 ያለፈ ዕቃ ስለ መስጠም ምንም ቃል አልገባም። ፈተናው የሚደረገው በአዲስ ዕቃና በንጹሕ ውሃ ነው፤ ከዓመታት በኋላ የደረቀ ጎሚኒና የባሕር ጨው እዚያ ላብራቶሪ ውስጥ የሉም።

ሦስት ዕጩዎች ቀሩኝ። ሺማኖ፣ ሁላችንም በብስክሌት ማርሽ የምናውቀው የጃፓኑ ድርጅት፣ በእርግጥም እ.ኤ.አ. በ1921 የተነሳው የብስክሌት ዕቃ በመሥራት ነው፤ ወደ ሪል የገባው በ1970 ነው። ስቴላ የሚባለው የባሕር ሪሉ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። አደነቅኩት፣ አለፍኩት። ሌላው የጃፓን ሥራ፣ የዳይዋ ቢጂ፣ የአልሙኒየም አካል ያለው፣ በዋጋው ልክ ብዙ የሚመሰገን ነው፤ ጋሼ ሥዕሉን አይተው ወደዱት። በመጨረሻ የወሰንኩት ግን እ.ኤ.አ. በ1932 ፊላደልፊያ ውስጥ በተመሠረተው በፔን ስፒንፊሸር 6ኛ ትውልድ ላይ ነው። ሙሉ አካሉ ብረት፣ የመከላከያ ቁጥሩ 5፣ ፍሬኑ ካርቦን፣ በውስጡ የተሸፈነ። ስንት ኩሽኔታ አለው ብትሉኝ፣ 5+1። ዱባይ ላይ ደባሪ ብዬ ያለፍኩት ግራጫ ሪል ምን እንደነበር ባላስታውስም እጠረጥራለሁ።

የወሰነልኝ አንድ ተጨማሪ ነገር ነበር። ድርጅቱ የእያንዳንዱን ሪል ዕቃዎች አንድ በአንድ ተበትነው የሚያሳይ ሥዕል ከነቁጥራቸው አውጥቷል፤ የተበላሸውን ለይቶ ማዘዝ ይቻላል። ጋሼ ያንን ሥዕል አትሜ ስሰጣቸው መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ይኼ የሚከፈት ዕቃ ነው» አሉ።

ቁመቱን 4500 የሚባለውን መረጥኩ። ትልልቆቹ ለትልቅ ዓሣ ይሆናሉ፣ የ70 ዓመት ሰው አንጓ ግን ቀኑን ሙሉ ብረት አይሸከምም። 170 ዶላር ገደማ ወጣበት። ባለቤቴ ዋጋውን ሰምቶ ዝም አለ፤ ኋላ «ጣቱስ?» ብሎ ራሱ መለሰልኝ።

በተከታዩ ኅዳር ከልጄ ጋር በባቡር ወረድን። ሪሉን በሱፍ ካልሲ ጠቅልዬ ሰጠሁት። አባዬ ካልሲውን አየ፣ እኔን አየ፣ ወንድሜን አየ። ወንድሜ ወደ ማድ ቤት ሄደ።

«ማን ነገረሽ?»

«ካልሲው።»

ሳቀ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣኝ ማለት እችላለሁ። «እኔ ክር በእጄ መያዝ አያቅተኝም፤ ያንን ዕቃ ብትተይው ኖሮ ጣቴ አይቆረጥም ነበር። ላስደስትሽ ብዬ ነው የያዝኩት።» ልክ ነው። አልተከራከርኩትም። አዲሱን ሪል ለሁለት ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አለፈው። በሦስተኛው ጠዋት ስነሳ ሪሉም እሱም የሉም።

ሲመለስ የተጣላነው በማጠቡ ላይ ነው። አባዬ ባልዲ ሞልቶ ሪሉን ሊነክረው ሲል ጮህኩ፤ አምስት ቁጥር ለመስጠም እንዳልሆነ ላስረዳው ብሞክር «በአሰብ ሁሉንም ነክረን ነው» አለ። በአሰብ ጠርሙስ ነበር የምትነክረው አልኩት። መጨረሻ ላይ ልጄ አሸነፈች፤ የአበባ ማጠጫዋን ይዛ መጣች። አሁን ሥርዓቱ ተለምዷል፦ ፍሬኑን አጥብቆ፣ ውሃ በቀስታ ማፍሰስ፣ በግፊት አለመርጨት፣ አራግፎ በጨርቅ ማድረቅ፣ ጥላ ውስጥ ማሳደር፣ ፍሬኑን አላልቶ ማስቀመጥ። ክሩ የሚያልፍባት ትንሿ ተሽከርካሪ ደግሞ የተለየ ዓይን ትፈልጋለች። የጨው ውሃ የነካው ክር ሁሉ እላይዋ ስለሚሄድ ከሁሉም ፊት የምትጣበቀው እሷ ናት፤ አንድ ጠብታ ዘይት በየጊዜው ትፈልጋለች። እሷ ካልዞረች ክሩም ይበላል።

ጅቡቲ ከተማ የጉድጓድ ውሃው ራሱ ጨዋማ ነው። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ከእኛው ሶማሌ ክልል፣ ከሐዳጋላ ጉድጓዶች በመቶ ኪሎ ሜትር ቧንቧ የሚሄድ ውሃ አለ። ወንድሜ ይህን ሲነግረው አባዬ ማጠጫውን ይዞ ቆመ። «ታዲያ ይኼ የአገሬ ውሃ ነው በለኛ» አለና ለልጄ ቀስ አድርጋ እንድታፈስ በእጁ ምልክት ሰጣት።

ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ክረምቱን አዲስ አበባ ሲመጣ ሪሉን ጋሼ ጋ ወስደነው ከፈቱት፤ ግራሶው ቢጫ ሆኗል እንጂ ጨው አልገባበትም። አሮጌው ግራሶ ወጣ፣ አዲስ ተቀባ፣ አንድ ጎሚኒ ተቀየረ። ጋሼ ገንዘብ አልቀበልም አሉ፤ አባዬ ደራክ አድርቆ ሊልክላቸው ቃል ገባ። እስካሁን አልላከም።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ደወለ። በስተጀርባው ንፋስና የማላውቀው ቋንቋ ይሰማል። «ስሚ» አለኝና ስልኩን ሪሉ ላይ አስጠግቶ ማኖቬላውን ቀስ እያለ አዞረው።

«ጨው ይሰማሻል?»

«አይሰማኝም አባዬ።»

«እኔም አይሰማኝም» አለና ሂሳቡ እንዳያልቅበት ዘጋው።